ሰርቪሱ ስንት ያስወጣል?

ከቃል ሁሉ የምጠላው አንድ ቃል አለ፤ ሰርቪስ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ቃል ሦስት ቦታ ይሠራል። መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ጠዋት ለቃቅሞ ማታ የሚመልስበት አውቶቡስ ሰርቪስ ነው። መኪናም ይሁን ብስክሌት ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ዘይቱ ተቀይሮ ሲገጠም ሰርቪስ ተደረገ እንላለን። ከትልቁ ቤት ጀርባ አጥር ተደግፈው የሚሠሩት፣ ድሮ ለወጥ ቤትና ለሠራተኛ ማደሪያ የታሰቡት ክፍሎችም ሰርቪስ ይባላሉ። እኔና እናቴ የምንኖረው በመጨረሻው ውስጥ ነበር። እኔ ስጨቃጨቅበት የከረምኩት ደግሞ በመካከለኛው ነው። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው ለማንም አይገባውም።

ግቢው እሪ በከንቱ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ታች በሚወርደው ኮረኮንች ዳር። የግቢው ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ እናቴ እትዬ ትላቸዋለች፣ እኔም እንደሷው። ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ አገር ናቸው። ከጀርባ ያለው ሰርቪስ ሁለት ክፍል ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ። አባቴ ከወልቂጤ ማዶ መጥቶ ፒያሳ አንድ ጨርቅ ቤት ሲቀጠር የተከራየው እሱን ነው። እናቴ ሙሽራ ሆና የገባችው እዚያ ነው፣ እኔ ያደግኩት እዚያ ነው፣ አባቴም ያረፈው እዚያው አልጋ ላይ ነው። «እኔን ከዚህ ቤት የሚያስወጣኝ ቃሬዛ ብቻ ነው» ትል ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው፣ ግን ቀልድ አልነበረም። እናቴ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ሌላ ምንም የለም፤ እዚያች ክፍል ውስጥ አርጅታ መሞት ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ይህን መመኘት ራሱ ድፍረት ሆኖ ነበር። ከኛ ከፍ ብሎ ያለው ሰፈር ለልማት ተብሎ ተነሥቷል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ክፍት የነበረ ዳቦ ቤት ማታ ስመለስ በቆርቆሮ አጥር ተከልሎ አገኘዋለሁ። አቧራው ልብስ ማስጫ ገመዳችን ላይ ያርፋል፤ እናቴ አራግፋ ታስገባለች፣ በማግስቱ እንደገና። ሰው ሲገናኝ ሰላምታው ሳይቀር ተቀይሯል፤ ደህና አደርክ ቀርቶ «እናንተ ጋስ ምን ተባለ?» ሆኗል። የኛን መንገድ ማንም ምንም አላለውም። እሱ ራሱ ነበር የሚያስፈራው።

እኔ የምሠራው ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። የሠርግ ጥሪ፣ ደረሰኝ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ ካርድ፣ ደንበኛ ያመጣውን ሁሉ በኮምፒውተር አሰናዳለሁ። ካርድ ያሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ብስክሌቱን በርካሽ ሸጠልኝ። ማውንቴን የሚሉት ዓይነት ነው፤ ጎማው ወፍራም፣ የፊት ሹካው እንደ ሞተር ሳይክል ሁለት ቱቦ ያለው። ጉድጓድ ስትገባ ቱቦው ወደ ውስጥ ይሰምጥና መልሶ ያነሣሃል። የእሪ በከንቱን ኮረኮንች በዚያ ስወርድ ድንጋዩ እጄን አይነካኝም ነበር። አቤት ደስታው! የታክሲ ሰልፍ የለ፣ ግፊያ የለ።

እናቴ ግን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። «ሙሉ ሰው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ! ሰው ምን ይላል?» ትለኛለች። ብስክሌት ብላም አትጠራው፤ «ብረትህን ከበሩ ላይ አንሣልኝ» ነው። ለዚያ ብረት ገንዘብ ማውጣቴን ብትሰማ ጉድ ይፈላል። ስለዚህ ጎማ ያስቀየርኩ ጊዜ እንኳ አሮጌው ታጥቦ ነው ብያታለሁ።

ቱቦው መታመም የጀመረው ክረምቱ እንደወጣ ነው። መጀመሪያ ጥቁር የዘይት ቀለበት አየሁበት። ጠረግሁት፣ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ ድምፅ አመጣ፤ ፍሬን ስይዝ ፊቱ ዝቅ ይልና «ቋ» ይላል፣ ከዚያ ለመነሣት ያመነታል። አንድ ቀን ቸርችልን ስወርድ እንደሰመጠ ቀረ። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ፣ ከኋላዬ ደግሞ አውቶቡስ ነበር። እንዴት እንደተረፍኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ጥግ ይዤ ቆሜ ነው።

የወሰድኩት ከጎዳናው ገባ ብሎ በቆርቆሮ በተከለለች ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። ዕድሜው እንደኔ ነው፣ ሞተር ሳይክልና ብስክሌት ይጠግናል፣ አፉ የአራዳ ልጅ አፍ ነው። ቱቦውን በጣቱ ነካ አድርጎ ዘይቱን አሸተተና አየኝ።

«ጀለስ፣ ይሄ ሰርቪስ ተደርጎ ያውቃል?»

«ዘይት እቀባዋለሁ» አልኩት።

«ፋራ አትሁን። የምትቀባው ሰንሰለቱን ነው። ይሄ ሆዱ ውስጥ የራሱ ዘይት አለው፣ አየር አለው፣ ዘይቱን የሚይዝ ጎሚኒ አለው። ላስቲኩ ተበልቶ አልቋል።»

«እና ሰርቪሱ ስንት ያስወጣል?»

ነገረኝ። እኔም የቻልኩትን ያህል ጮህኩ። ፈረንጁ ለሙሉ ብስክሌቱ ከተቀበለኝ የሚያንሰው በጥቂት ነው። «እየዘረፍከኝ ነው በለኛ!» አልኩት። አልተቀየመም። ጎሚኒው እዚህ እንደማይገኝ፣ ከዱባይ በሰው ሻንጣ እንደሚመጣ፣ ዘይቱም የመኪና ዘይት እንዳልሆነ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የሞተር ሳይክል ጎሚኒ አስተካክሎ ሊያስገባልኝም ይችላል፤ ያ ርካሽ ነው።

«ግን አንድ ቀን ቸርችል ላይ ድርቅ ብሎ ቢቀርብህ እኔን እንዳትወቅሰኝ» አለ። ከዚያ አሰብ አደረገና ሳቀ። «ለነገሩ ያኔ ማንንም አትወቅስም።»

ሌላም መንገድ ነበረ፤ ሹካውን ጥሎ ተራ ደረቅ ብረት መግጠም። እሱን ስሰማ ልቤ እምቢ አለ። ሰው ለብረት እንዲህ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር። ይህ ሰውዬ ደግሞ መፍታት የሚባል ቃል አያውቅም፤ ሁሉም ነገር ማፍረስ ነው። «ሳላፈርሰው ሆዱን አላውቅም፣ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ጎሚኒው ሳይመጣ መልሼ አልገጥመውም» አለኝ። ላስብበት ብዬ ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ቧንቧ ጋ ፊቴን ስታጠብ ደወለልኝ። ስልኬ አሮጌ ስለሆነ ጮክ ብዬ ካላወራሁ አይሰማም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም ብዬ ነበር። ለካ ተመልሳ በራችን ላይ ከተንጠለጠለው መጋረጃ ጀርባ ቆማለች። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የሰማችውም የኔን ወገን ብቻ ነው፤ እንዲህ የሚለውን፦

«እሺ ገባኝ፣ ሰርቪሱ ዕድሜውን ጨርሷል… እኔ ምን እወስናለሁ? ከፈረሰ መመለሻ የለውም ያልከኝ አንተ አይደለህ?… ሰኞ? ሰኞ ይፍረስ በቃ፣ ምን አደርጋለሁ… ስንት እንደሚያስወጣ ግን ቁርጡን ንገረኝ፣ እስካሁን የነገርከኝ አንዱ ካንዱ አይገጥምም… ስማ፣ እናቴ ይህን ነገር እንዳትሰማ። ቤት ድረስ መጥተህ እንዳታወራ። ከሰማች ትሞትብኛለች።»

እንግዲህ በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ሰፈር፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የምትኖር ሴት ይህን ሰምታ ብስክሌት ትዝ ይላታል? ከየት መጥቶ! ስንት ያስወጣል ሲባል እንኳ ገንዘብ አልመሰላትም፤ ስንት ሰው ያስወጣል ብላ ነው የሰማችው። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣችና ፎጣ አቀበለችኝ። «ቁርስ ቀርቧል» አለችኝ።

ሰኞ ብስክሌቱን አስረክቤ በእግሬ ስመለስ እናቴን መንገድ ላይ አገኘኋት። ወንፊት ይዛለች።

«ወዴት ነው?»

«የሰው ነው፣ ልመልስ።»

ያን ወንፊት ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ቤታችን አውቀዋለሁ። የኛ መስሎኝ ነበር። በኛ ሰፈር ሰው ዕቃ ይዋዋሳል እንጂ አይመልስም፤ የነሱ ሙቀጫ እኛ ጋ፣ የኛ መሰላል እነሱ ጋ፣ እንዲሁ ተያይዘን ነው የኖርነው። እናቴ ያን ሳምንት ቤት ያለውን የሰው ዕቃ ሁሉ እየመረጠች መለሰች። ሙቀጫውን፣ የማን እንደሆነ የተረሳ ጃንጥላ፣ ከአባቴ ለቅሶ የቀረ የድንኳን ካስማ ሳይቀር። ከዚያ በዱቄት ወተት ጣሳ ያሳደገችው ጤና አዳም ከመስኮቱ ጠፋ። ለጎረቤታችን ሰጥታዋለች።

ጎረቤታችን የወሎ ሴት ናቸው፣ አጥር ለአጥር ነው የኖርነው። በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ምነው?»

«ጤና አዳሙን ይዛልኝ መጥታ ይቅር በይኝ አለችኝ እኮ። ምን አድርጋኝ ነው ይቅር የምላት? ወላሂ ነው የምልህ፣ ፈራሁ።»

እኔም ፈራሁ። ሰው የሰው ዕቃ የሚመልሰው፣ ጎረቤቱን ይቅር በለኝ የሚለው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ታማለች አልኩ፤ ታማ ደብቃኛለች። እሷን መጠየቅ ደግሞ ቀላል አይደለም። ምን ሆንሽ ስላት «ምን እሆናለሁ?» ብላ ፊቷን ታዞራለች፣ ከዚያ ደግሞ ድንገት ቀና ስል ትኩር ብላ ስታየኝ አገኛታለሁ። እኔ እንድናገር እየጠበቀች መሆኑን በምን ልወቅ?

በዚያ ላይ ጉርድ ፎቶ አንሣኝ አለችኝ። ለምን ስላት «ያስፈልገኛል» አለች። ማተሚያ ቤት ወስጄ አነሣኋት። ነጭ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የሙት ዓመት ካርድ ላይ የሰው ፎቶ መቁረጥ የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው፤ እጄ ለምዶታል። የሷን ስቆርጥ ግን ማውዙን ለቅቄ ውጭ ወጣሁ። ወዳጄ የሆነ የማሽን ሠራተኛ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» ቢለኝ «አቧራው ነው» አልኩት።

የቀረውን ደግሞ የእድራችን ሰብሳቢ ጨመሩልኝ። ጋሼ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ከሥራ ስመለስ በምርኩዛቸው ጠቆም አድርገው አስቆሙኝ።

«እናትህ መጥታ ነበር። ብሞት ትቀብሩኛላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን ብላ?»

«ሌላም ብላለች፣ አልሰማኋትም፤ ጆሮዬ እንደምታውቀው ነው። የከፈልሽ አባል አይደለሽ እንዴ፣ ለምን አንቀብርሽም አልኳት። አንተ ምነው፣ ቤት ውስጥ ነገር አለ?»

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ወደ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። «ማን ታመመና?» እያለች ወጣች እንጂ አልተከራከረችኝም፣ እሱም አስፈራኝ። መንገዳችን ከላይ በተነሣው ሰፈር በኩል ነበር። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ተከፍቶ አንድ ሳይፈርስ የቀረ ግድግዳ ይታያል። ሰማያዊ ነው የተቀባው፣ መሃሉ ላይ ካላንደር የተሰቀለበት ምስማር አለ። እናቴ ቆመች። ጎትቼ ላሳልፋት ብል እምቢ አለች።

«አልጋው እዚህ ጋ ነበር» አለች፣ በእጇ እያሳየች። «ሴትዮዋን አውቃት ነበር። የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።»

ሐኪሟ የደም ግፊቷን ለካች፣ ልቧን አዳመጠች፣ ሽንትና ደም አስመረመረች። ግፊቷ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው አለች። እናቴ ጫማዋን እያጠለቀች «እሱን እይልኝ እንጂ» አለቻት። «ይሄው መቀመጫ ካጣ ስንት ቀኑ። የሆነ ነገር ውስጡን እየበላው ነው፣ አይነግረኝም።» ሐኪሟ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ብስክሌቱን ልይ ብዬ ወደ ጠጋኙ ጎራ አልኩ። ሹካው ፈርሷል። ቱቦዎቹ፣ ቀለበቶቹ፣ ብሎኖቹ በተዘረጋ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተደርድረዋል፣ ከሆዱ የወጣው ዘይት እንደ ጭቃ ጠቁሯል። አንዱ ቱቦ ላይ ረጅም ጭረት አሳየኝ። ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ሲፋቅ የኖረ ነው፣ ጎሚኒውንም የበላው እሱ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ጨምሯል።

«መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰርቪስ እንደዚህ ነው። እስክትከፍተው ደህና ነው» አለኝ። ከጎኑ ያሉት ቤቶች ባዶ ሆነዋል፣ በሮቻቸው ሳይቀሩ ተነቅለው ተወስደዋል። እሱም የማይሠራበትን ዕቃ በካርቶን አሽጎ ጥግ ላይ ደርድሯል። «ጎሚኒው ቶሎ ቢመጣ ይሻልሃል፣ እኔም እዚህ ቋሚ አይደለሁም» አለ። ጨላው ይገኛል ግን ፍጠን ብዬው ወጣሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ የመስኮቱ መጋረጃ ወርዷል። ክፍሉ በአንዴ እርቃኑን ቀርቷል። የአባቴ ፎቶ ከግድግዳው ወርዶ በፎጣ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላለች። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም፣ ጮህኩባት።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የደበቅሽኝ? በይ ንገሪኝ! ሐኪሟ ያላየችው ምን አለ?»

«አንተ ምንድን ነው የደበቅከኝ?» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር።

«እኔ ምን ደበቅሁሽ?»

«ከሰማች ትሞትብኛለች አላልክም? ይኸው ሰማሁ፣ አልሞትኩም። ሰርቪሱ ሊፈርስ ነው ብለህ ብትነግረኝ ምን አለበት? እኔ ልጅ ነኝ?»

ለአፍታ ምን እንደምታወራ አልገባኝም። ከዚያ ቧንቧው፣ ስልኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁሉም ባንዴ መጣልኝ። ወይ ጉድ! ሳቄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ብስክሌቱ ነው እማዬ! የብስክሌቱ ሰርቪስ ነው! የሚፈርሰው የብስክሌቱ ሹካ ነው!»

«ብረቱ?»

«አዎ ብረቱ! ገንዘብ ማውጣቴን እንዳትሰሚ ብዬ ነው!»

ሳቅሁ። ለሳምንታት ያቆየሁትን ሁሉ ሳቅሁት፤ ወንፊቱን፣ የድንኳን ካስማውን፣ ጋሼን፣ ሐኪሟን። አልታመመችም! አትሞትም! እንባዬ ወረደ። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ፣ ፈገግ እንኳ አላለችም።

«ጨረስክ?» አለች።

«ጨረስኩ።»

«እትዬ ጋ ሄጄ ነበር። አንተ በስልክ ስታወራ የሰማሁ ሰሞን ነው። አንተ ለኔ ብለህ ከሳቸው ጋር ክፉ ከምትነጋገር ብዬ፣ ቀድሜ ሄድኩ። እትዬ፣ ሰርቪሱ ሊፈርስ መሆኑን ሰምቻለሁ፣ አልተቀየምኩም፣ እርስዎም አይጨነቁ አልኳቸው።»

«እና እሳቸው ይህች ሴት አበደች አላሉም?»

«አለቀሱ» አለች እናቴ። «ማን ነገረሽ አሉኝ። ከልጄ ጋር በስልክ ነው የተነጋገርነው፣ ለሰው አልተናገርንም፣ ማን ነገረሽ እያሉ።»

ለካ ነገሩ እውነት ነው፤ ልጆቻቸው ግቢውን ሊሸጡት ነው። ገዢው ደግሞ ከኋላ ያለው ፈርሶ ባዶውን ካልተረከብኩ አልገዛም ብሏል። እትዬ ለወራት እናቴን ፊት ለፊት ማየት አቅቷቸው ከርመዋል፤ ጠዋት ጠዋት ለሰላምታ መውጣት የተዉት ለዚያ ነው፣ እኛ ጉልበታቸው መስሎን ነበር። እንዴት ብዬ እነግራታለሁ እያሉ ልጃቸውን ዛሬ ነገ ሲሉት እናቴ ራሷ መጥታ አልተቀየምኩም አለቻቸው።

«እፎይ አሉ» አለች። «አቅፈው መረቁኝ። በዚያው ቀን ለልጃቸው ደውለው እሺ አሉት። አፍ አጥተው ነበር፣ እኔ አፍ ሆንኳቸው።»

«ባትሄጂ ኖሮ…»

«ተው» አለች። «እሱን አትጨርሰው።»

ፎቶው ለአዲሱ ወረዳ መታወቂያ ነበር። ጋሼን የጠየቀቻቸውም ሩቅ ሰፈር ገብቼ ብሞት መጥታችሁ ትቀብሩኛላችሁ ወይ ብላ ነው፤ መጨረሻውን ብቻ ነው የሰሙት። የቀረውን አልሰሙም እንጂ መልሱ እሳቸውንም ይቸግራቸው ነበር። ተናድጄ ተነሣሁ፤ በእትዬ ተናደድኩ፣ በልጃቸው፣ በገዢው፣ በገዛ አፌ። አሁኑኑ ገብቼ አነጋግራቸዋለሁ ብዬ በሩ ጋ ስደርስ እናቴ በስሜ ጠራችኝ።

«አልተቀየምኩም ብያለሁ። ቃሌን አታስበላኝ። ለመሆኑ የብረትህ ሰርቪስ ስንት ያስወጣል?»

ነገርኳት። አሁን የሚደበቅ ምን ቀረ? ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«የኛው ሁለት ሰው ነው የሚያስወጣው» አለች። የአባቴን ፎቶ ከፎጣው ፈትታ ፊቱን ጠረገችና መልሳ ጠቀለለችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ሄደ። ከተማው ዳር፣ ከሁለት ታክሲ በኋላ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አገኘሁ። እናቴ ቤቱን ሄዳ ማየት አልፈለገችም፤ «በር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ አለው አልኳት። የወሎዋ ጎረቤታችን ጤና አዳሙን መልሰው ሊሰጧት ቢመጡ እንቢ አለች። «እዚህ ነው የለመደው» አለቻቸው፣ ሁለቱም ጣሳውን ሲያዩ ቆዩ።

የወጣን ቀን ጠዋት አይሱዙ መኪና ኮረኮንቹን ወርዶ በር ላይ ቆመ። እትዬ አልወጡም፤ የመስኮታቸው መጋረጃ ግን ይነቃነቅ ነበር። ሳጥኑን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የእናቴን ፍራሽ ጫንን። የቀረው አባቴ ያረፈበት የብረት አልጋ ነው። ብሎኑ ዝጎ እምቢ ስላለ ከብስክሌት ጠጋኙ የብሎን መፍቻ ተውሼ ነበር፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እሱን ስታገል ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ጃኬቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጄ በዝገት ተለውሷል።

«አንሺልኝ እማዬ» አልኳት።

አነሣችው። እንዴት እንደሚያዝ ስለማታውቅ ከፊቷ ራቅ አድርጋ ያዘችው፣ የጠጋኙም ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። ባዶ ስለሆነ ያስተጋባ ነበር።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ! ልጅዎት የለም? ሰርቪሱ አልቋል ይበሉልኝ። እኔም ዛሬ ቦታውን እያስረከብኩ ስለሆነ መጥቶ ያውጣ።»

እናቴ ቀና ብላ ጣራውን አየች፣ ከዚያ የአልጋው እግር ለዓመታት የቆመበትን፣ ከሌላው ወለል ይልቅ ንጹሕ ሆኖ የቀረውን ቦታ አየች።

«አውቃለሁ ልጄ» አለችው። «እያወጣን ነው።»